ሕፃን ለ

ሄራን ባሏ ሌላ ሴት ሳይዝ አልቀረም ብላ የጠረጠረችው ሐሙስ ሐሙስ ሸሚዝ መተኮስ ሲጀምር ነው። አቤኔዘር በሌሎቹ ቀናት ክርኑ የሳሳ ሹራቡን ደርቦ ነው ወደሚሠራበት ፋብሪካ የሚሄደው። ሐሙስ ግን ጢሙን ይላጫል፣ ነጩን ሸሚዝ ይተኩሳል፣ መስታወት ፊት ቆሞ ኮሌታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያስተካክላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ስልኩ አይነሳም። ሲመለስ ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል፤ በሩን ከፍቶ ሲገባ ግን እንደ ጫማው እዚያው ደጃፍ ላይ ያወልቀዋል።

በአራተኛው ሐሙስ ጠየቀችው። አልካደም።

"ችሎት ነው የምሄደው" አላት።

"ምን ልታደርግ? ቀጠሮ የለንም እኮ።"

"ላያት።"

ሄራን ማንን እንደሆነ አልጠየቀችም። ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ሌላ ሴት ብትሆን ይሻላት ነበር። ሌላ ሴት ይዞ የተገኘ ባል ምን እንደሚባል ታውቃለች፤ እናቷም አክስቶቿም ብለውታል። ለዚህኛው ግን የሚባል ነገር አልነበረም። ባሏ ተላጭቶና ሸሚዝ ተኩሶ የሚሄደው የገዛ ልጃቸው ዘንድ ነበር። ጤነኛዋ ዘንድ።

ማራኪ የተወለደችው በ2081 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ሐዋሳ ውስጥ ነው። ያኔ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሰው መቀመጥ ከቀረ ቆይቷል። ምጡን የሚከታተለው ማሽን ነው። ለአሥራ አንድ ክፍል አንዲት አዋላጅ ትመደባለች፤ ማሽኑ ሲጠራት ትመጣለች። የማራኪ የልብ ምት ሲወርድ ማሽኑ እንደ ደንቡ ጠራ። አዋላጇ ሌላ ክፍል ውስጥ የሌላ ሰው ልጅ እየተቀበለች ነበር። ማሽኑ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ጠራ። ሄራን ድምፁ እስካሁን ከጆሮዋ አልወጣም፤ በጣም ጨዋ ድምፅ ነበር። "እባክዎ ይታገሱ፤ ባለሙያ እየመጣ ነው" ይላል። በየአርባ ሴኮንዱ ነው የሚለው።

አየር ያጠረው አንጎል የማራኪን ግራ እጅ ወደ ደረቷ አጥፎ አስቀረው። እግሮቿ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ፤ በሁለት ክራንች ነው የምትሄደው። ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ቃል ከአፏ እስኪወጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ከወጣ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ስድብ ነው። ገበጣ ስትጫወት ታጭበረብራለች። ጠጠር ስትደብቅ ከተያዘች "እጄ ነው... እኔ አይደለሁም" ትላለች።

ክሱ እንዴት እንደሚሄድ ሄራን አሁን በቃሏ ትወጣዋለች። ወላጅ መጀመሪያ የምጡን መዝገብ ያስወጣል። ልጁ ሰባት ዓመት ሳይሞላው ካላስወጣ ጉዳዩ በይርጋ ይታገዳል። ከዚያ ሆስፒታሉ መልስ ይሰጣል፤ መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ልጁ ማሕፀን ውስጥ እያለ የተጎዳ ነው የሚል። ስለዚህ ማሕፀኑ ይመረመራል። የሄራን የዘጠኝ ወር እርምጃ፣ እንቅልፍ፣ የደም ግፊት፣ የበላችው፣ የሳቀችበትና ያለቀሰችበት ሁሉ ከእጅ ሰዓቷ ላይ ተቀድቶ ለሦስት ባለሙያዎች ተሰጠ። በሰባተኛው ወር ከባሏ ጋር የተጣሉበት ማክሰኞ ችሎት ላይ በንባብ ተሰማ። የሆስፒታሉ ጠበቃ የድምፃቸውን ከፍታ በግራፍ አሳየ። ሁለት ዓመት እንዲህ ከሄደ በኋላ ሦስቱ ባለሙያዎች ጉዳቱ የመጣው ከአሥራ ዘጠኙ ደቂቃ ነው አሉ።

ቀጥሎ የጉዳቱ መጠን ነው። ድሮ ጠበቆች ልጁ ባይጎዳ ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያሉ በግምት ይከራከሩ ነበር ይባላል። አሁን ችሎቱ ያልተጎዳውን ልጅ ሕያው ምስል በማሽን ያሠራል። ከአባቱና ከእናቱ ደም፣ ከቤቱ ድምፅ፣ ከሰፈሩ፣ ከትምህርት ቤቱ ተሠርቶ፣ የልጁን ዕድሜ ይዞ ይቀርባል። በመዝገቡ ላይ ማራኪ ሕፃን ሀ ነች። ያቺኛዋ ሕፃን ለ። ካሳው በሁለቱ መሃል ያለው ልዩነት ነው። ወላጆች ምስሏ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጡ ፍርድ እስኪሰጥ ድረስ በሳምንት አንድ ሰዓት ሊያዩዋት ይፈቀድላቸዋል። ፍርድ ሲሰጥ ወይም ስምምነት ሲፈረም ትጠፋለች። ሕጉ በዚህ ላይ አጭር ነው፤ የሌለ ሰው በማንም እጅ ሊቆይ አይችልም ይላል።

ሄራን አንድ ጊዜ ብቻ ሄዳለች፣ የመጀመሪያው ቀን። ሦስተኛ ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ወለሉ መሃል ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሯል፤ ከመስመሩ ወዲህ ሁለት ወንበር፣ ከመስመሩ ወዲያ አንድ። ወዲያኛው ወንበር ላይ የማራኪን ዓይንና የማራኪን ግንባር የያዘች ልጅ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። "እማዬ!" አለች፤ በአንድ ትንፋሽ፣ ሳትቸገር። ሄራን ከአራት ደቂቃ በላይ አልቆየችም። መታጠቢያ ቤት ገብታ አስመለሳት። ሁለተኛ እዚያ እንደማትደርስ ለራሷ ማለች፤ አቤኔዘርም እንደ እሷ የተወው መስሏት ነበር።

አለመተዉን ካወቀች በኋላ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። የማራኪ እግር በየጠዋቱ አርባ ደቂቃ መፍታታት አለበት። እሱ ቀኙን፣ እሷ ግራውን ይዘው ነበር የሚሠሩት፤ ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱንም ሄራን ብቻዋን ትሠራለች። እየሠራች ሰዓቱን ታያለች። አሁን ደረጃውን እየወጣ ነው። አሁን ተቀምጧል። አሁን እየሳቀ ነው። እጇ ሳይታወቃት ይጠብቅና ማራኪ "ኧረ... አንቺ ሴትዮ" ብላ ትጮህባታለች።

ሲመለስ ያወለቀውን ሸሚዝ አነሥታ አሸተተችው። የሳሙና ሽታ እንጂ ምንም የለውም። ምን ይኖረዋል? ይህን እያወቀች በሚቀጥለውም ሐሙስ አሸተተችው።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ሳያስበው "ዋና ለምዳለች እኮ" አለ።

"ማን?" አለች ማራኪ።

"አንዲት ልጅ ናት" አለና ውሃ መጠጣት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ሄራን ሐሙስ ሐሙስ ማራኪን ማስዋብ ያዘች። ፀጉሯን ትሠራታለች፣ ለበዓል የተገዛውን ቢጫ ቀሚስ ታለብሳታለች፣ በሩ ፊት ለፊት ታስቀምጣታለች፤ ሲገባ መጀመሪያ እሷን እንዲያይ። አቤኔዘር ገባና አያቸው።

"ምነው፣ የት ልትሄዱ ነው?" አለ።

ሄራን የዚያን ቀን ያህል ጠልታው አታውቅም።

በየካቲት የማራኪ ቀኝ ዳሌ መውጣት ጀመረ። ሐኪሟ፣ በጡንቻው መሳሳብ የተነሳ አጥንቱ ከቦታው እየተንሸራተተ ስለሆነ ከግንቦት በፊት ቀዶ ሕክምና ካልተደረገላት በክራንችም መሄድ እንደምታቆም ነገሯት። የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ሁለት ዓመት ነው። ሄራን ከሐኪሟ ቢሮ እንደወጣች ጠበቃቸው አቶ ሀሜሶ ጋ ደወለች። አቶ ሀሜሶ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

"አቶ ሀሜሶ፣ ነገሩ መቼ ነው የሚያልቀው? ልጄ ጊዜ የላትም።"

"ወይዘሮ ሄራን፣ ሆስፒታሉ እኮ ከተስማማ ሦስት ወር ሆነው" አሉ። "ቀዶ ሕክምናውንም፣ ዕድሜ ልኳን የሚያስፈልጋትንም እሸፍናለሁ ብሏል። የቀረው የሁለታችሁ ፊርማ ነው።"

ሄራን መንገድ ላይ ቆመች።

"ባለቤትዎ ሁለት ጊዜ ይራዘምልን ብለው ጽፈዋል። የሕፃን ለ ምስል ገና አልተሟላም የሚል ነው ምክንያቱ። የሚያውቁ መስሎኝ ነበር። እንዲህ የሚያደርጉ ወላጆች ያጋጥሙኛል። ብዙውን ጊዜ አንደኛው ነው።"

ቤት ስትገባ አቤኔዘር ድንች እየላጠ ነበር። ማራኪ ጓዳ ውስጥ ጮክ ብላ ከቴሌቪዥኑ ጋር ትከራከራለች።

"ዳሌዋ እየወጣ ነው። ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ።"

"ሦስት ወር ሙሉ ወረቀቱን ይዘህ ተቀመጥክ?"

ቢላዋውን አስቀመጠ። "ከፈረምኩ ያጠፏታል።"

"ማንን?"

"ማራኪን" አለ።

ሄራን ወደ ጓዳው በእጇ አሳየችው። "ማራኪ እዚያ ናት!"

"እሷም ናት" አለ አቤኔዘር፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። "ሄራንዬ፣ ስሚኝ። እዚያ ስገባ ምንም አላጠፋሁም። ገባሽ? እዚያ፣ በወለድሽበት ቀን ዳቦ ልገዛ አልወጣሁም። አጠገብሽ ነበርኩ፣ ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ሰው ጠርቻለሁ፣ ልጅቷ ደህና ወጥታለች። እዚያ የምታየኝ ልጅ አባቷ እንደዚያ ያለ ሰው ነው።"

"አንድ ቀን እንኳ አንስቼብህ አላውቅም።"

"ለዚያ ነው እኮ" አለ።

ሊታዘንለት የሚገባ ንግግር ነበር፤ ሄራንም በሌላ ቀን ታዝንለት ነበር። አሁን ግን የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለእሷ ዘጠኝ ዓመት ያልነገራትን ለዚያች ልጅ ሲል አወጣው።

የሳምንቱ ሰዓት የሁለቱም ወላጆች ነው፤ ቀድሞ ያስመዘገበ ይገባል። ሄራን የሚቀጥለውን ሐሙስ በስሟ አስመዘገበች። አቤኔዘር ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ሲጨርስ "ዛሬ እኔ ነኝ የምሄደው፤ አንተ እግሯን ሥራላት" አለችው። ሸሚዙን በእጁ እንደያዘ አልጋው ላይ ቁጭ አለ።

ለምን እንደምትሄድ ራሷም አታውቅም ነበር። ምናልባት ልታያት ብቻ። ሴቶች የባላቸውን ሌላ ሴት አንድ ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ፤ ምን እንዳላት፣ ምን እንደጎደላት ለማወቅ።

"እማዬ!" አለች ሕፃን ለ። ከዚያ ዓይኗ ከሄራን አልፎ ወደ በሩ ሄደ። "አባዬስ?"

"ዛሬ እኔ ነኝ።"

"ፀጉርሽን ተቆረጥሽው እንዴ? ረጅሙ ነበር የሚያምርብሽ። ስታስተምሪ ወደ ላይ ታስሪው ነበር።"

ሄራን ትምህርቷን ያቋረጠችው ሦስተኛ ዓመት ላይ ነው፤ ማራኪ ስምንት ወር ሆኗት አንገቷን ማቅናት ያቃታት ጊዜ። "ምንድን ነው የማስተምረው?" አለች።

ልጅቷ ሳቀች፤ የምትቀልድባት መሰላት። "ሒሳብ ነዋ! ተማሪዎችሽ ሲያስቁሽ ጠመኔውን ትጥያለሽ። ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባዬ ጋር ሐይቁ ዳር ትሮጣላችሁ፤ ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምትቀድሚው። ከዚያ እስኪበቃችሁ ትስቃላችሁ።"

"እንስቃለን?"

"ኧረ ሳቃችሁ እስኪያስጠላ!"

ሄራን እዚህ ስትመጣ በአንዲት ልጅ ልትቀና ነበር የተዘጋጀችው። አሁን ያቺ ሴት መጣችባት፤ ረጅም ፀጉር ያላት፣ ወገቧን የማያማት፣ ቅዳሜ ከባሏ ጋር የምትሮጠው። አቤኔዘር በየሐሙሱ ከዚያችም ሴት ጋር አንድ ሰዓት ሲያሳልፍ ከርሟል። ለእሷም ነው የሚላጨው።

"እማዬ" አለች ልጅቷ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ሌላዋ ልጅ ማን ናት?"

"የቷ?"

"አባዬ ጥሎኝ የሚሄድላት። አምስት ሰዓት ሲሆን ብድግ ይላል፤ 'ልጄ ትጠብቀኛለች' ይላል። እኔስ ምንህ ነኝ እለዋለሁ፣ አይመልስልኝም። ምን አላት እሷ?"

ሄራን ዝም ማለት ትችል ነበር። ክፉ ነገር ከአፏ ሲወጣ እየሰማችው ነው የወጣው።

"እሷ ደረቱ ላይ ነው የምትተኛው" አለች። "ደረጃ ሲወጡ በጀርባው ያዝላታል። እንጀራዋን እሱ ነው የሚቆርስላት። ስታለቅስ መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነው፤ ከፋብሪካ ድረስ እየሮጠ ይመጣል። አንቺንስ? አንድ ቀን ነክቶሽ ያውቃል?"

ልጅቷ እጆቿን አየቻቸው። ሁለቱም የተዘረጉ፣ ሁለቱም ቀጥ ያሉ እጆች ነበሩ።

"አያውቅም" አለች። "መስመሩን አትለፍ ይሉታል።"

ከዚያ አለቀሰች። ማራኪ ስታለቅስ ጎረቤት ይሰማል። ይህቺ ግን አገጯን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ ነበር የምታለቅሰው፤ ሄራን ራሷ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደምታለቅሰው። ሄራን ለአፍታ ያህል ጥሩ ስሜት ተሰማት፤ የማሸነፍ ስሜት። ወዲያው ያሸነፈችው ማንን እንደሆነ አየች። ሰዓቱ እስኪያልቅ ከወንበሯ አልተነሣችም።

ቤት ገብታ "አስለቀስኳት" አለችው ለአቤኔዘር። ያለችውን ሁሉ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። ሦስት ቀን አላናገራትም። እግሯን ሲያፍታቱ እሱ ቀኙን እሷ ግራውን ይዘው፣ መሃላቸው ያለችው ማራኪ ብቻ እያወራች ይጨርሳሉ።

ሐሙስ ሲደርስ በሹራቡ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ መጣና ደጃፉ ላይ፣ ጫማ ማውለቂያው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ቤት ውሰደኝ አለችኝ" አለ። "ደረትህ ላይ ልተኛ አለችኝ።" ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። "ከዚህ በፊት እንዲህ ብላኝ አታውቅም። ደስተኛ ነበረች እኮ።"

ሄራን አጠገቡ ቆመች።

"ለአቶ ሀሜሶ ደውይላቸው" አለ። "ልፈርም።"

ፊርማው ማክሰኞ ሆነ። ማራኪን የሚጠብቅላቸው ሰው ስላልነበረ ይዘዋት ሄዱ። የችሎቱ አዳራሽ ቀለም የተቀባው በቅርቡ ነበር። ዳኛዋ ስምምነቱን አነበቡ፤ ንባቡ ስድስት ደቂቃ ፈጀ። የሆስፒታሉ ጠበቃ ሦስት ሌሎች መዝገቦች ጭኑ ላይ ይዞ ነበር። አቤኔዘር ፈረመ፣ ሄራን ፈረመች፤ የቀዶ ሕክምናው ቀን ለሚቀጥለው ሰኞ ተያዘ። አቶ ሀሜሶ ሁለቱንም ጨብጠው ለማራኪ ከኪሳቸው ከረሜላ ሰጧት፤ እሷም አየችና "ሌላ... ቀለም የለም?" አለቻቸው።

ኮሪደሩ ላይ ሬጅስትራሯ ጠራቻቸው። "መዝገቡ ከመዘጋቱ በፊት አሥር ደቂቃ ይፈቀዳል" አለች። "ለአንድ ወላጅ።"

ሄራን ወደ ባሏ ዞረች። አቤኔዘር የማራኪን ክራንች ሁለቱንም በአንድ እጁ ጨብጦ ነበር የቆመው።

"እኔ አልችልም" አለ። "አንቺ ግቢ። ብቻዋን አትሁን።"

ሕፃን ለ ስታያት አልሳቀችም፤ አባቷንም አልጠየቀችም። ሄራን ወንበሩን እስከ መስመሩ ድረስ ሳበችና ተቀመጠች።

"ያን ቀን ክፉ ነገር ነው የተናገርኩሽ" አለች። "ይቅርታ አድርጊልኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።"

"እሺ" አለች ልጅቷ። "ሌላዋ ልጅ ደህና ናት?"

"ሰኞ ቀዶ ሕክምና አላት። ዳሌዋን።"

"ያማታል?"

"በጣም ያማታል።"

"አባዬ አጠገቧ ይሆናል?"

"ይሆናል። ሁለታችንም እንሆናለን።"

ልጅቷ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ ሰማች። "እኔ አሞኝ አያውቅም" አለች።

ሄራን ያን ድምፅ ታውቀዋለች። ስንት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሰዓት እያየች፣ ሸሚዝ እያሸተተች የከረመችበት የራሷ የቅናት ድምፅ ነው። እጇን ዘርግታ ልትነካት ፈለገች፤ መንካት እንደማትችል ታውቃለች። ስለዚህ የምትችለውን አደረገች። ስለ ቅዳሜው ሩጫ ንገሪኝ አለቻት። ልጅቷ ጀመረች፤ ማን ቀድሞ እንደሚወጣ፣ ውሻው የት ጋ እንደሚጮህባቸው፣ አባቷ ሲደክመው ጫማው የተፈታ እያስመሰለ እንደሚቆም። ወሬው መሃል ላይ፣ አፏ እንደተከፈተ፣ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ክፍሉ ምንም ድምፅ አላሰማም። ሄራን ባዶውን ወንበር እያየች ቆየች፤ ከዚያ ሬጅስትራሯ በሩን ከፈተች።

ማራኪ አግዳሚ ወንበር ላይ ከረሜላዋን እየመጠጠች፣ ጉንጯ አብጦ ትጠብቃት ነበር። አቤኔዘር የሄራንን ፊት አየና ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ማን... ጋ ነበርሽ?" አለች ማራኪ።

ሄራን እፊቷ ተንበረከከች። "አንዲት ልጅ ጋ።"

"ታምራለች?"

"በጣም።"

ማራኪ ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛወረችው። ዓይኗ ጠበበ። "ከእኔ?"

ሄራን ልትዋሽ አልፈለገችም። "እሷ በአንቺ ነው የቀናችው" አለች።

ማራኪ ነገሩን አሰላሰለችው። ከዚያ ለመታቀፍ ቀኝ ክንዷን ዘረጋች። ሄራን አነሣቻት፤ አድጋለች፣ ከባድ ናት፣ ወገብ ትቆርጣለች። አቤኔዘር ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ ጠርጎ ክራንቾቹን ይዞ ተከተላቸው። ደረጃውን ወርደው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርሱ ማራኪ አፏን ወደ እናቷ ጆሮ አስጠጋች።

"እሰይ" አለች።